የኪስ ካሜራ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው በእኛ ጥፋት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ስለ ኪስ ካሜራዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ተጠቃሚው ካሜራውን በአግባቡ ስለማይዝ እንደሆነ ከገለጹ በኋላ ምክር ይሰጣሉ፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ፣ ዙም አታብዙ፣ ያነሣችሁትን ፎቶ ደጋግማችሁ አትመልከቱ፣ ካሜራውን በየመካከሉ አጥፉ። ምክሮቹ ሐሰት አይደሉም። ሁሉንም በአንድ ላይ የፈጸመ ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ግን ስክሪኑ የደበዘዘ፣ ሩቁን የማያቀርብ፣ ጨለማውን የማያበራ፣ ከበራበት ጊዜ የጠፋበት የሚበልጥ ካሜራ ነው። እንዲያ ከሆነማ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ይሻላል፤ ዓመት ሙሉ ይቆያል።

ባትሪው የሚያጥረው አምራቾች እንዲያጥር ስለፈቀዱ ነው፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ስንት እንዳጠረ ራሳቸው ለክተው፣ በራሳቸው ሰነድ ላይ አትመው ያወጡታል። ጋዜጣው ያንን ቁጥር ለአንባቢ ሳያቀርብ ጣቱን ወደ ገዢው መቀሰሩ ቅር አሰኝቶኛል።

ሥራዬ የግንባታ ቁጥጥር ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የፌሮውን ውፍረትና ብዛት፣ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረውን የስታፋውን ርቀት፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ የካሳፎርማውን አቋም አያለሁ፣ እለካለሁ፣ ፎቶ አነሣለሁ፤ ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ። ኮንክሪቱ አንዴ ከገባ ፌሮው ከዓይን ይሰወራል። ከዓመታት በኋላ ግድግዳ ቢሰነጠቅና «በዚህ ምሰሶ ውስጥ የነበረው ፌሮ ስንት ነው?» የሚል ክርክር ቢነሣ፣ ምንም ሳይሰበር ቀድሞ የሚመሰክረው ያ ፎቶ ነው። ተደባልቆ በመኪና የመጣ ኮንክሪት ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ በተለመደው የሥራ ደንብ ውኃው ከገባበት ጊዜ አንሥቶ በ90 ደቂቃ ውስጥ መፍሰስ አለበት። ማደባለቂያው በር ላይ እየዞረ፣ ሠራተኛው አካፋውን ተደግፎ እኔን እየተመለከተ፣ ካሜራዬ ሌንሱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ «ባትሪ አልቋል» ሲለኝ የሚሰማኝን ለአምዱ ጸሐፊ ማስረዳት እፈልግ ነበር። የካሜራውን ስም አልጠራም፤ ለማንም ሲባል ሳይሆን፣ ጉዳዩ ከአንድ ድርጅት በላይ ስለሆነ ነው።

ስልክ የለህም ወይ የሚሉኝ አይጠፉም። አለኝ። ከመወጣጫው ላይ ቆሜ ወዲያ ማዶ ባለው ቢም ላይ የተዘረጋውን ሜትር ቁጥሩን እስካነብ ድረስ የሚያቀርብልኝ ግን የካሜራው ሌንስ ነው። በሲሚንቶ አቧራ በተሸፈነ ጓንት የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ ያለው እርሱ ነው። ፎቶ ሳነሣ ደግሞ ማንም አይደውልበትም። የሚገርመው፣ ለስልክ ከጥሪና ከመልእክት በተጨማሪ ፎቶ ማንሣትን ደርበው የሰጡት አምራቾች 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ሲያስገቡለት፣ ከፎቶ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው የኪስ ካሜራ በአብዛኛው ከ1400 ባልበለጠ ይኖራል።

ኃይሉ የት እንደሚሄድ ለማየት ከመነሻው እንጀምር። ካሜራው ገና ሲበራ ሞተር ሌንሱን ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ሴንሰር ከፊቱ ያለውን ትዕይንት በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያነበበ ለፕሮሰሰሩ ያቀብላል። ፕሮሰሰሩ ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክሎ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ ስክሪኑም ከጀርባው ባለ መብራት ያሳየናል። እስከዚህ ድረስ አንድም ፎቶ አልተነሣም። ጣት ቁልፉ ላይ ሲያርፍ የትኩረት ሞተሩ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል፤ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክሰው ክፍልም ይነሣል። በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ጣት ሳይነካው ትኩረት ያለማቋረጥ የሚፈልግ አሠራር ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል። ፍላሽ ሲታከልበት፣ ከባትሪው በ3.6 ቮልት ገደማ የሚወጣው ኃይል ወደ 300 ቮልት አካባቢ ከፍ ብሎ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፍላሽ ከተኮሰ በኋላ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው የሚሰማት ቀጭን ፉጨት የዚህ ሥራ ድምፅ ናት። ፎቶውን መቅረጹ ራሱ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። ባትሪውን የሚበላው ፎቶውን መጠበቁ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ባለ መስታወቶቹ ትልልቅ ካሜራዎች ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ብርሃኑ ከመስታወት ተንጸባርቆ በቀጥታ ዓይን ዘንድ ይደርሳል፤ ተጠቃሚው በቀዳዳው እየተመለከተ ሲያነጣጥር ሴንሰሩም ስክሪኑም ተኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒኮን ዲ850 በአንድ ሙሉ ባትሪ 1840 ፎቶ እንደሚያነሣ ተመዝግቧል። በ2019 የወጣው የሶኒ አርኤክስ100 ሰባተኛ ትውልድ 260 ያነሣል። እርግጥ የኒኮኑ ባትሪ ትልቅ ነው፤ 14 ዋት ሰዓት ኃይል ሲይዝ የሶኒው 4.5 ይይዛል፤ ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የፎቶው ብዛት ግን ሰባት እጥፍ ነው። በሦስትና በሰባት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የማይተኛው ሴንሰርና የማይጠፋው ስክሪን ነው። ታዲያ ተጠቃሚው ይህንን በጥንቃቄው ሊያድነው ይችላል? የኪስ ካሜራ ስክሪኑ ከጠፋ በምን አይቶ ያነጣጥራል?

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ ለሚል አንባቢ፣ ጃፓን ውስጥ ሲፓ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቅ የካሜራ አምራቾች ማኅበር አለ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2003 የባትሪ መለኪያ ደንብ አውጥቷል። ካሜራው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ የኪስ ካሜራ ከሆነ ስክሪኑ እንደበራ፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይነሣል፤ ዙም ካለው ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ፍላሽ ካለው በሁለት ፎቶ አንዴ ይበራል፤ ከየአሥሩ ፎቶ በኋላ ካሜራው ጠፍቶ ይበራል። ባትሪው እስኪያልቅ የተነሣው ፎቶ ተቆጥሮ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል።

ደንቡን የማከብረው ሁሉንም ካሜራ በአንድ ሚዛን ስለሚያስቀምጥ ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የፎቶ ብዛት ቢመስልም በውስጡ ያለው ጊዜ ነው። 260 ፎቶ በየ30 ሰከንዱ ማለት፣ ማጥፋትና ማብራቱን ትተን፣ 130 ደቂቃ ነው። 4.5 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ካለቀ፣ ካሜራው በአማካይ 2 ዋት ገደማ ይጎትታል ማለት ነው። እንግዲህ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምን ያህል እንደሚከስር ከዚህ ይታያል። እኔ ካሜራውን አብርቼ፣ ረዳቴ ሜትሩን እስኪዘረጋ፣ ሌላው ከመንገድ ዘወር እስኪል፣ ቁጥሩ ከፌሮው ጎን በትክክል እስኪነበብ እጠብቃለሁ። አንድ ፎቶ ሦስትና አራት ደቂቃ ይወስድብኛል። በዚህ አካሄድ 260 የሚለው ቁጥር ለእኔ ወደ ጥቂት ደርዘኖች ይወርዳል። የሚሮጥ ልጅ በተከታታይ የሚያነሣ አባት ግን በዚያው ባትሪ ከተጻፈው በላይ ሊያገኝ ይችላል። ሁለታችንም ጥንቁቅ ወይም ዝርክርክ ስለሆንን አይደለም፤ ሥራችን ስለሚለያይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ቴክኖሎጂ በየዓመቱ ይሻሻላል ተብለን አድገናል። የአርኤክስ100 የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በአንድ ባትሪ 330 ፎቶ ያነሣ ነበር። በ2016 አምስተኛው ትውልድ ሲወጣ 220 ሆነ። ባትሪው አልተለወጠም፤ ያው 1240 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዘው ነው። የካኖን ጂ7 ኤክስ ሁለተኛው 265 ያነሣ ነበር፤ ሦስተኛው በዚያው ባትሪ 235 ሆነ። ከሁሉም የባሰው ሪኮ ጂአር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሁለተኛው 320 ያነሣ ነበር። በ2019 ሦስተኛው ሲመጣ ሰውነቱን አጥብበው፣ መንቀጥቀጥ ማካካሻና በጣት የሚነካ ስክሪን ጨምረው፣ አብሮት የነበረውን ፍላሽ እንኳ አስወግደው ቁጥሩ 200 ላይ ወረደ። ያስተውሉ፣ የአምድ ጸሐፊያችሁ ባትሪ በላተኛ ነው ብለው ካስጠነቀቁን ነገሮች አንዱ ፍላሽ ነበር። እነሆ ፍላሽ የሌለው ካሜራ፣ በአንድ ባትሪ የሚያነሣው ፎቶ ግን ከቀዳሚው ያነሰ።

ሴንሰሩ ፈጠነ፣ ፕሮሰሰሩ በረታ፣ ቪዲዮው ወደ 4ኬ አደገ፤ ይህን ሁሉ አልክድም፣ ተጠቃሚም ነኝ። ግን በየጊዜው አዲስ በላተኛ ሲጨመር ምግቡ ያው ሆኖ እንዲቀር የወሰነ ሰው አለ። በንድፍ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ የካሜራው ውፍረት ይወሰናል፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ላይ የሚነገረው እርሱ ነው። ከዚያ ሌንሱ ቦታውን ይይዛል፣ ሴንሰሩ ይከተላል፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ይቀመጣል። ባትሪው አዳራሽ ከሞላ በኋላ እንደመጣ እንግዳ ጥግ ተፈልጎለት ይገባል።

ቀጭንነቱን የጠየቀው ገዢው ራሱ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ ልጥቀስ። አርኤክስ100 ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ በአንድ እጅ ሲይዙት ያንሸራትታል። ስለዚህ ሶኒ ራሱ ከፊት የሚለጠፍ ትንሽ መያዣ ለብቻው ይሸጣል፤ ሌሎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ገዢው በፈቃዱ፣ ተጨማሪ ከፍሎ፣ ቀጭኑን ካሜራ ያወፍረዋል ማለት ነው። ባትሪው ደግሞ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ያ ባዶ ፕላስቲክ ከመጀመሪያው የካሜራው አካል ሆኖ፣ ውስጡ ባትሪ ቢቀመጥበት ምን ይጎድል ነበር? እጁም ይመቸው ነበር፤ እኔም ፌሮዬን አንሥቼ እፈርም ነበር።

ነገሩ ከጥንቱ ጋር ሲተያይ ያስቃል። በኮዳክ ኩባንያ የሠራው መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲገጣጥም 16 የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነበሩት። ምስሉ 0.01 ሜጋፒክስል፣ ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም፣ አንዱን ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ የሚፈጅ ነበር። ለሥራው ኃይል እንደሚያስፈልገው ግን አልተደበቀም ነበር። ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ባትሪ ተደረደረለት።

ሌላው የሚያበግነኝ የባትሪ ምልክቱ ነው፤ እንዲያውም ከማለቁ ይልቅ ሳይናገር ማለቁ ይከፋል። ብዙ የኪስ ካሜራዎች ላይ ሦስት ሰረዝ ያላት ትንሽ ሥዕል አለች። ለረጅም ጊዜ ሦስቱም ሞልተው ይታያሉ። ከዚያ አንዷ ትጠፋለች። ከዚያ ቀይ ብልጭታ፣ ከዚያ ጨለማ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ወርዶ በአብዛኛው ዕድሜው ላይ ሜዳ ይሆናል፤ ግማሽ ሲሆንና ሩብ ሲሆን የቮልቱ ልዩነት ጥቂት ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ገደል ይገባል። ቮልትን ብቻ እያየ የሚገምት ምልክት ሜዳውን ሲያይ ሙሉ ነው ይላል፣ ገደሉን ሲያይ ይጮኻል። የገባውንና የወጣውን ኃይል እየቆጠረ በመቶኛ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አዲስ ግኝት አይደለም፤ ብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አላቸው፣ አንዳንድ ካሜራዎችም አላቸው። በእኔ ሥራ «35 በመቶ» ብሎ የሚነግረኝ ካሜራ፣ ሦስት ሰረዝ እያሳየ ከሚያታልለኝ ባለ ትልቅ ባትሪ ይሻለኛል።

በጽሑፉ ውስጥ የነበረ አንድ ምክር ደግሞ ስሕተት ስለሆነ በእናንተው ጋዜጣ ላይ ቢታረም ጥሩ ነው። «ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርጉ» ተብሏል። ይህ ለድሮው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይባል የነበረ ነው። ሊቲየም አዮን እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ የቀረበ ሌላ ዓይነት ባትሪ ነው፤ ለመፈጠሩ መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ይህን ባትሪ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ማድረቅ ዕድሜውን ይቀንሳል እንጂ አያበረታውም። ግማሽ ላይ እያለ ቻርጅ ማድረግ ምንም አይጎዳውም። ለወራት የማይነካ ከሆነም ሙሉም ባዶም ሳይሆን ግማሽ ያህል ይዞ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። ከጥቂት መቶ ጊዜ ቻርጅ በኋላ አቅሙ መቀነሱ ግን አይቀርም፤ ሦስትና አራት ዓመት ያገለገለ ባትሪ በሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር አይሰጥም።

ስለ ብርድ ጽሑፉ ምንም አላለም፤ ከምክሮቹ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ይህ ነበር። ብርድ ሲሆን በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ ይዘገያል፣ የውስጥ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ካሜራው ኃይል ሲጠይቀው ቮልቱ ወርዶ ይገኝና ያለቀ ይመስላል። በእጅ መዳፍ ሲሞቅ መልሶ ይነሣል። በማለዳ ወደ ሥራ ቦታ ስወጣ ትርፍ ባትሪውን በውስጥ ኪሴ፣ ከሰውነቴ ተጠግቶ እይዘዋለሁ። ከመቀዝቀዝ በታች በሆነ አየር ውስጥ ግን ቻርጅ ማድረግ አይገባም፤ ባትሪውን በቋሚነት ይጎዳል።

ዕድሜው የገፋ አንባቢ በሁለት ወይም በአራት ተራ የራዲዮ ባትሪ፣ በቀጫጭኖቹ፣ ይሠሩ የነበሩትን የኪስ ካሜራዎች ያስታውሳል። እኔም አንዱ ነበረኝ። ስለ እነርሱ ማጋነን አልፈልግም። የሚጣሉት አልካላይን ባትሪዎች የካሜራን ድንገተኛ ፍላጎት ስለማይችሉ ገና ውስጣቸው ኃይል እያለ ካሜራው ይጠፋ ነበር፤ ብዙ ሰው «ካሜራው ተበላሸ» ብሎ የጣለው በዚህ ምክንያት ነው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባሉት፣ ደጋግመው ቻርጅ የሚደረጉት፣ ቮልታቸው 1.2 ብቻ ቢሆንም፣ በጣም የተሻሉ ነበሩ፤ በ2005 ደግሞ ሳንዮ ተቀምጠው ብዙ የማይጎድሉትን በኢኔሎፕ ስም አወጣ። የእነዚያ ካሜራዎች በጎነት አንድ ነው፤ ባትሪው የማንም አምራች ንብረት አልነበረም። ዛሬ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቅርጽ አለው፤ አንዳንዴም አንዱ አምራች ካሜራውን በቀየረ ቁጥር ባትሪውን ይቀይራል፤ የቀድሞው ትርፍ ባትሪ ዋጋ ቢስ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ቻርጀሩን ከካርቶኑ ውስጥ አወጡት። አሁን አብዛኛው የኪስ ካሜራ ባትሪው ከውስጡ ሳይወጣ በገመድ ቻርጅ ይደረጋል። ለመንገደኛ ምቹ ነው፤ እቀበላለሁ። ግን ሁለት ባትሪ ላለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ትርፉን ቻርጅ ለማድረግ ካሜራውን ሥራ ማስፈታት ግድ ይላል። የተለየ ቻርጀር መግዛት ይቻላል፣ ለብቻው፣ በተጨማሪ ክፍያ። አንዳንዶቹ ካሜራዎች ደግሞ ገመድ ሲሰካባቸው ቻርጅ የሚያደርጉት ጠፍተው እንጂ እየሠሩ አይደለም፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽ የኃይል ማከማቻ በአስፈላጊው ሰዓት አያድንም። ይህንን ገዢው የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው።

ከሌላ ድርጅት የተሠሩ ርካሽ ባትሪዎችን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዋናው አምራች በአንድ መጠን ውስጥ 1240 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሲያገኝ፣ በዚያው መጠን 1800 ወይም 2000 የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ካጋጠማችሁ ጽሑፉን አትመኑ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ጨርሶ ዝም አላሉም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ዲጂታል ካሜራዎች የጋራውን ዩኤስቢ ሲ መሰኪያ እንዲይዙ አስገድዷል። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በዕቃዎች ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎችን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መተካት የሚችል እንዲሆን ደንግጓል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ባትሪው ትልቅ ይሁን የሚል ሕግ ግን የለም፤ ይመጣልም ብዬ አልጠብቅም፤ መምጣት ያለበትም አይመስለኝም። ካሜራ ምን ያህል ይቆይ የሚለውን የሚወስነው ገዢው መሆን አለበት፤ ለዚህ ግን ከመግዛቱ በፊት ቁጥሩን ማወቅ አለበት።

የአምራቾችን ችግርም አላጣሁትም። በሲፓ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋብሪካ የወጡት ዲጂታል ካሜራዎች 121 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በ2023 8 ሚሊዮን አልሞሉም። አብዛኛውን የወሰደው ስልክ ነው፣ ከሁሉም የተጎዳውም የኪስ ካሜራው ወገን ነው። ገበያው ሲጠብ አዲስ ባትሪና አዲስ ሻጋታ ለመሥራት ገንዘብ የሚያወጣ ማን ነው ይባላል። ይገባኛል። ነገር ግን ዛሬ የኪስ ካሜራ የሚገዛ ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ እያለ ሁለተኛ ዕቃ ለመያዝ የወሰነ ሰው ነው። ለዚህ ሰው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ምኑ ነው? ቀጭኑን የፈለገውማ ድሮ በስልኩ ቀርቷል።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ዓምዳችሁ አዲስ ካሜራ ሲያስተዋውቅ ሜጋፒክስሉን በርእስ ታወጡታላችሁ፤ ከአሥር ዓመት ወዲህ ግን በሜጋፒክስል ማነስ ፎቶ ሳያነሣ የቀረ ሰው አላጋጠመኝም። ከጎኑ በሲፓ ደንብ የተለካውን የፎቶ ብዛት ጻፉልን። የባትሪውን አቅም በሚሊ አምፒር ሰዓት ብቻ ሳይሆን በዋት ሰዓት አስቀምጡልን፤ የተለያየ ቮልት ያላቸውን ባትሪዎች ማወዳደር የሚቻለው በእርሱ ነውና። ቻርጀር በካርቶኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ካሜራው ገመድ እንደተሰካበት መሥራት አለመሥራቱን፣ ምልክቱ በመቶኛ ይሁን በሰረዝ ንገሩን። ቀዳሚው ትውልድ ስንት ያነሣ እንደነበረም በአንድ ቅንፍ ውስጥ ቢገባ አምራቹ ያስተዋውቀዋል ብዬ የማልጠብቀውን እናንተ ነገራችሁን ማለት ነው። ይህ ሁሉ አራት መስመር አይሞላም፤ በቅርቡ እትም ላይ ለካሜራው ቀለማት ከተሰጠው ቦታ ያንሳል።

ስለ ቻርጅ የተሰጠውን የተሳሳተ ምክር በሚቀጥለው እትም ታርሞ አየዋለሁ ብዬ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
በግንባታ ቁጥጥር ሥራ ላይ የሚገኝ የዘወትር አንባቢያችሁ